እንኳን ለሦስተኛው ምረቃ አደረሳችሁ

ባለፈው ሳምንት አንድ የግብዣ ካርድ ደረሰኝ። ወረቀቱ ወፍራም፣ ጠርዙ ወርቃማ፣ ጥጉ ላይ አንዲት አረንጓዴ ቅጠል ታትማበታለች። የአየር ንብረት ለውጥን ለመቋቋም የተዘጋጀው የከተማ ስትራቴጂክ ዕቅድ በድምቀት ስለሚመረቅ እንድገኝ በአክብሮት ተጠይቄያለሁ። ዕቅዱን ደግሞ ከዱሮ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ረቂቁ ተመረቀ። ከዚያ ራሱ ተመረቀ። አሁን ክለሳው ሊመረቅ ነው። ሦስት ዲግሪ ይዞ ሥራ ያልጀመረ ዕቅድ ማለት እሱ ነው።

እናንተም ጋ ካርዱ ደርሷል፤ ካርዱ ባይደርስ ዜናው ደርሷል። ስለዚህ ላማርር አልመጣሁም። የመጣሁት ላመሰግን ነው። ይህ የማስመረቅ ልማድ በዓለም ዙሪያ ስንቱን ማዘጋጃ ቤት ከሥራ እንዳዳነ ማን ቆጥሮት ያውቃል?

ከዓመት አመራረጡ ልጀምር። ልምድ ያለው አመራር «በ2050» ይላል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። 2050 ድንቅ ዓመት ነው። ቃል የገባው ጡረታ ወጥቶ፣ ያጨበጨበው አርጅቶ፣ ቃለ ጉባኤውም በቢሮ ዝውውር ጠፍቶ የሚደርስ ዓመት ነው። ይህ ጥበብ ያልገባት ኮፐንሃገን ናት። በ2012 ባጸደቀችው ዕቅድ «በ2025 የተጣራ የካርቦን ልቀቴን ዜሮ አደርሳለሁ» አለች፤ የምትለቀውንና የምታስወግደውን ካርቦን እኩል ልታደርግ ማለት ነው። ዐሥራ ሦስት ዓመት ብቻ! ቃሉን የሰማ ሰው መጥቶ ሊጠይቅ የሚችልበት ጊዜ። ከዚያ በ2022 «ባልኩት ጊዜ አልደርስም» ብላ በአደባባይ ተናገረች። ይህን ያለችው ልቀቷን ከ2005ቱ ከግማሽ በላይ ቀንሳ ሳለ ነው። እኛ የምናውቃቸው አመራሮች ግን ቅንጣት ሳይቀንሱ «አፈጻጸማችን በዕቅዱ መሠረት እየሄደ ነው» ማለት ይችሉበታል። የበሰለው ማን ነው?

ሁለተኛው ምስጋና ለአዋጁ ነው። በ2016 መጨረሻ ላይ በአውስትራሊያ ሜልቦርን የሚገኘው የዳረቢን ምክር ቤት የአየር ንብረት አስቸኳይ ጊዜ በማወጅ በዓለም የመጀመሪያው ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከ2 ሺህ የሚበልጡ አስተዳደሮች ተከትለውታል። ከመካከላቸው ከልባቸው የሠሩ አሉ፤ እነሱን ዛሬ አልነካም፣ ለሽሙጥ አይመቹም። እኔ የማደንቀው ሰኞ አስቸኳይ ጊዜ አውጆ ረቡዕ ለመንገድ ማስፋፊያ ዛፍ የሚያስቆርጠውን ነው። ቤቱ ሲቃጠል «መቃጠሉን አምኛለሁ» ብሎ ፈርሞ ወደ ምሳው እንደሚሄድ ሰው፣ መረጋጋቱ ያስቀናል።

ከሁሉ የምወደው ግን አዳራሹን ነው። ታገሱኝ፣ ስለ አዳራሹ ሳወራ አይበቃኝም። ርዕሱ «የኃይል ቁጠባና የከተማ ሙቀት» ነው እንበል። ሰዓቱ እኩለ ቀን፣ ፀሐይዋ አናት ላይ። ስላይዱ አልታይ ስላለ መጋረጃው ይዘጋል። መጋረጃው ሲዘጋ ስለሚጨልም መብራቱ ሁሉ ይበራል። መብራቱ ሲበራ ስላይዱ መልሶ ስለሚጠፋ ሁለተኛ ፕሮጀክተር ይመጣል። መስኮቱ ስለተዘጋ ይታፈናል፤ ስለዚህ ኤሲው ይከፈታል። ኤሲው ሲከፈት ጥርስ ያንቀጫቅጫል። አንድ ደፋር ተሰብሳቢ እጁን አውጥቶ «ትንሽ ይቀነስልን» ይላል። ሪሞቱ አቶ እከሌ ጋ ነው፤ አቶ እከሌ ደግሞ ወጣ ብለዋል። ስለዚህ ሙቀት እንዲገባ በሩ ይከፈታል። በሩ ሲከፈት ኤሲው የባሰ ይታገላል፤ ከጓሮ የጄኔሬተሩ ጩኸትም አብሮ ይገባል። በሩ ይዘጋል። ኮት ያለው ኮቱን ይደርባል፤ የሌለው ለስብሰባው የታደለውን ቦርሳ ጉልበቱ ላይ ያነጥፋል። በዚህ መሀል አቅራቢው ስላይድ አርባ ሦስት ላይ ደርሶ «የማቀዝቀዣውን ልክ በአንድ ዲግሪ ከፍ ማድረግ ብቻውን የኃይል ፍጆታን ይቀንሳል» ይላል። ሁሉም በደነዘዘ ጣቱ ማስታወሻ ይይዛል። ጭብጨባው ይቀልጣል፤ እጅ ያሞቃላ።

ገና አላለቀም። ቦርሳው ውስጥ በፕላስቲክ የታሸገ ሰነድ አለ፤ ስለ ፕላስቲክ ብክለት የሚያወራው ምዕራፍ ሰባት ነው። በየሰው ፊት የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። ተሰብሳቢው ከፍቶ ሁለት ጉንጭ ይጠጣል፤ ለሻይ ወጥቶ ሲመለስ የቱ የእሱ እንደነበር ስለሚጠፋው ሌላ ይከፍታል። ከሻይ በኋላ የቡድን ውይይት ነው። አራት ቡድን በአራት ጥግ ተቀምጦ በአራት ትልልቅ ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ አራቱም «ክፍተት፦ የግንዛቤ ማነስና የቅንጅት ጉድለት» ብለው ይመለሳሉ። ሳይነጋገሩ! ይህንን ቅንጅት ነው ጎደለ የሚሉን። በመጨረሻ ሰብሳቢው «ጠቃሚ ግብዓት ተገኝቷል፤ አቅጣጫም ተቀምጧል» ብለው ይዘጋሉ። አቅጣጫው የት እንደተቀመጠ ጠይቄ አላውቅም። ከሪሞቱ ጋር ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ሽሙጡን ለአፍታ ላስቀምጠው። በሜይ ወር 2010 በሕንዷ አህመዳባድ ሙቀቱ 47 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ደረሰ፤ በዚያ ወር ከወትሮው ቁጥር በላይ ከ1,300 የሚበልጥ ሰው ሞተ። ከተማዋ በ2013 የሙቀት ዕቅድ አወጣች። ያ ዕቅድ ምን አለ? ትንበያው እየታየ ለሕዝቡ በቀለም የተለየ ማስጠንቀቂያ ይነገር። የጤና ሠራተኛው ሙቀት የመታውን ሰው መለየት ይሠልጥን። የመጠጥ ውሃ ለመንገደኛው ይቅረብ። በኋላም ፀሐይዋን እንዲመልስ የድሃ ቤት ጣሪያ ነጭ ይቀባ ተባለ። ኖራ እኮ ነው! ባልዲና ብሩሽ! ሙቀት የሚገድለው ግብዣ ካርድ የደረሰውን ሰው አይደለም። ቆርቆሮ ሥር ብቻቸውን የሚውሉትን አሮጊት ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ሸክም ሲያወርድ የዋለውን የቀን ሠራተኛ ነው። ሞታቸውም «ልብ ሕመም» ተብሎ ይመዘገብና የሚጠየቅ ይጠፋል። ይህን እያወቀ የኖራውን ገንዘብ የካርድ ጠርዝ በወርቅ የሚያስቀባበት ባለሥልጣን ሰነፍ ነው አትበሉኝ። ሰነፍ ማለት ማቆላመጥ ነው። ሰው ሲሞት እያየ ዝም ያለ ነው።

በሉ ወደ ምስጋናዬ።

እንዲህ ያለው ሥራ ለምን እንደማይወደድ ይገባኛል። ሪባን የለውም። የተጠረገ የጎርፍ ቦይ ጫፍ ላይ ቆሞ ማን ፎቶ ይነሳል? የሚያፈስ የውሃ ቱቦ ሲጠገንስ ምን ይታያል? ተመልሶ የተደፈነ መሬት። የምግብ ትርፍራፊን ከሌላው ቆሻሻ ለይቶ ኮምፖስት ማድረግ ደግሞ ይሸታል። ሳይለይ ተቀብሮ ሲበሰብስ የሚያወጣው ሚቴን ግን፣ በ20 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 እጥፍ ገደማ የሚያሞቀው ጋዝ፣ አይሸትም፣ አይታይም፤ ስለዚህ ለሪፖርት የለም።

የግንባታ ፈቃድስ? ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት 70 በመቶ ገደማው ከከተሞች ጋር የተያያዘ ነው ሲባል ተሰብሳቢው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል፤ ከተማው የሚሠራው ግን ሕንፃ በሕንፃ፣ ፈቃድ በፈቃድ ነው። አንድ ሕንፃ ሃምሳ ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆማል። ዛሬ መስታወት በመስታወት ሆኖ፣ ጥላ ሳይኖረው፣ ነፋስ የሚገባበት ሳይተውለት ከተፈቀደ፣ ከ2050 ወዲያም ነዋሪው የማቀዝቀዣ ሲከፍል ይኖራል። ይህን የሚወስነው ፊርማ ከዓለም መሪዎች ጉባኤ አይመጣም። ደረጃውን ወጥታችሁ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ በስተግራ ካለው ቢሮ ነው። ጎርፍ መውረጃ ላይ ቤት እንዲሠራ የሚፈቅደው እስክሪብቶም እዚያው ነው። ጠዋት ጎርፍን ስለመቋቋም ንግግር አንብቦ ከሰዓት በኋላ ያንን ፈቃድ የሚፈርም ሰው፣ እጁ ቅንጣት አይንቀጠቀጥም። ቢሮው ኤሲ የለውም ማለት ነው።

ችግኝማ ፎቶ ስላለው ይወደዳል፤ እዚህ ላይ ብዙ አልልም። የሴራሊዮኗ ፍሪታውን ግን ደስታውን አበላሽታዋለች። ለየችግኙ መለያ ቁጥር ሰጥታ፣ ነዋሪዎች እየተከፈላቸው እንዲንከባከቡትና በስልካቸው ፎቶ እያነሱ በሕይወት መኖሩን እንዲያሳዩ አደረገች። ችግኙ ከተተከለ በኋላም ይጠየቃል ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ማን ደፍሮ ይተክላል?

ያለፍኩት አንድ ባለውለታ ቢኖር የልምድ ልውውጥ ጉዞ ነው። የብራዚሏ ኩሪቲባ ከ1974 ጀምሮ ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መስመር አላት፤ የምድር ባቡር የመገንባት አቅም የሌለው ከተማ መንገዱን ለአውቶቡስ ለይቶ ብቻ ብዙ ሕዝብ ማመላለስ እንደሚችል ያሳየች ናት። ልዑክ የሚላከው እንደ እሷ ወዳሉ ከተሞች ነው። ልዑክ ደግሞ የትም አንድ ዓይነት ነው። ከሚሄዱት መካከል የትራንስፖርት ባለሙያው አንድ ነው፤ እሱም ቪዛው ሳይደርስለት ይቀራል። ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሆቴል በመኪና፣ ከሆቴል ወደ ምሳ በመኪና፣ አውቶቡሱን ለማየትም በመኪና ነው። አንዱ ከመስኮቱ ስልኩን አውጥቶ አውቶቡሱን ያነሳዋል፤ ፎቶው ላይ ግማሹ የመኪናው መስታወት ነው፤ ያው ፎቶ ሪፖርቱ ሽፋን ላይ ይወጣል። የሪፖርቱ ግኝትም «የእነሱ መንገድ ሰፊ ሆኖ አግኝተነዋል፤ የእኛ ጠባብ በመሆኑ በቅድሚያ የማስፋፊያ በጀት ይፈቀድ» የሚል ነው።

ምንም አልተሠራም ብሎ መደምደም ግን ግፍ ነው። የአውቶቡስ መስመሩ ተቀብቷል፤ በቀይ ቀለም፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ያምራል። አውቶቡሶቹ ገና ጨረታ ላይ ናቸው። እስከዚያው የጥናት ቡድኑ መኪኖች ይቆሙበታል፤ ሳይከፍሉ።