ማንቂያው ሄልሜት ውስጥ ይግባ

አገር ቤት ክረምት በገባ ቁጥር የምንሰማው ወሬ አለ። ከሰል አቀጣጥለው፣ በር ዘግተው ተኙ፤ ጠዋት አልተነሱም። እናቴ ከሰሉን ወደ ቤት የምታስገባው ውጭ በደንብ ነዶ ፍም ሲሆን ነበር። «ጭሱ ወጥቷል» ትል ነበር። ጭሱስ እውነትም ወጥቷል። የሚገድለው ግን የሚታየው ጭስ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከቀይ ፍም ዝም ብሎ ይወጣል።

ይህን ያነሳሁት ስለ ሥራዬ ለመጻፍ ነው። እዚህ አሜሪካ የድልድይ ብረት በሳንድብላስት እናጸዳለን። ዝገቱንና አሮጌውን ቀለም በአየር ግፊት በሚወረወር አሸዋ መሰል ብናኝ እየገረፍን እናወርዳለን። ብናኙ ክፉ ነው፤ አሮጌ ቀለም ውስጥ ሊድ፣ ማለትም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለ። ስለዚህ እስከ ትከሻ የሚሸፍን ሄልሜት እናጠልቃለን። የምንተነፍሰው አየር ከኮምፕረሰር፣ አየር ስቦ አምቆ ከሚገፋው ማሽን፣ በቱቦ ይመጣል። ደንቡ ቱቦው እስከ 300 ጫማ፣ ማለትም 91 ሜትር ገደማ እንዲረዝም ይፈቅዳል። እኔ ድልድዩ ሥር ነኝ፤ ትንፋሼ የሚመጣው ከማላየው ቦታ ነው።

ኮምፕረሰሩ ደግሞ በናፍጣ የሚሠራ ነው። ነፋስ ዞሮ የራሱን ጭስ አየር ወደሚስብበት አፍ ሊመልሰው ይችላል። አንድ የጭነት መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ አጠገቡ ሊቆም ይችላል። ማሽኑ ከመጠን በላይ ሲግልም የራሱ ዘይት እየተቃጠለ ያንኑ ጋዝ ያመነጫል። በሁሉም መንገድ መድረሻው የእኔ ፊት ነው።

«ፊልተር አለ አይደል?» ይሉኛል ሰዎች። አለ። የተለመደው የአየር መስመር ፊልተር ዘይትና እርጥበት ይይዛል፤ ሽታም ያስቀራል። ካርቦን ሞኖክሳይድን ግን ያሳልፈዋል። እንዲያውም የናፍጣውን ሽታ ስለሚያጠፋው አፍንጫችን ሊነግረን የሚችለውን አንድ ምልክት ይወስድብናል። ጋዙን ለማስቀረት የተለየ ኬሚካል ያለው ማጣሪያ ያስፈልጋል፤ እሱም እርጥበት ካገኘው ይበላሻል።

የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤቱ ኦሻ በመተንፈሻ አየር ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከ10 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን እጅ ከ10 እጅ እንዳይበልጥ ያዛል። ዘይት የሚጠቀም ኮምፕረሰር የሙቀት ማንቂያ፣ ወይም የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ፣ ወይም ሁለቱም እንዲኖሩት ይጠይቃል። የሙቀት ማንቂያ ብቻ ካለ አየሩ በየጊዜው ይለካ ይላል። እኔ የማልቀበለው ይህን «ወይም» ነው። የሙቀት ማንቂያ የሚያውቀው የማሽኑን ትኩሳት ብቻ ነው። አጠገቡ ስለቆመው መኪና ምንም አያውቅም። ማሽኑ ቀዝቀዝ ብሎ፣ ጤነኛ ሆኖ፣ መርዝ ሊልክልኝ ይችላል።

የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ኮምፕረሰሩ ላይ ቢገጠምስ? ጥሩ ነው፤ ግን አይበቃም። አንድ ቀን ሥራ ላይ እያለሁ ራሴን አመመኝ። ቡና ሳልጠጣ ስለወጣሁ ነው ብዬ ቀጠልኩ። ቆይቶ ማቅለሽለሽ መጣ። ለምሳ ስንወርድ ኮምፕረሰሩ ላይ ያለው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። መቼ እንደጀመረ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ማሽኑን የሚጠብቀው ልጅ ሌላ ሥራ ታዞ ሄዷል። እኔ ደግሞ ከ100 ዴሲቤል በላይ በሆነ ጩኸት ውስጥ ነበርኩ፤ ደወሉን ከየት እሰማዋለሁ?

ይህ ጋዝ ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ንጹህ አየር ላይ ወጥተህ እንኳ ከደምህ ግማሹ እስኪወጣ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይፈጃል። ከምሳ በፊት የተነፈስከው ከሰዓትም አብሮህ ይሠራል ማለት ነው።

ስለዚህ ማንቂያው ጆሮዬ አጠገብ ይሁን። ለዚሁ የተሠሩ፣ ሄልሜት ውስጥ የሚገቡ ትንንሽ መሣሪያዎች አሉ። ይጮሃሉ፣ መብራታቸው ብልጭ ይላል፣ ይንቀጠቀጣሉ። የማስነሻ ሥርዓቱን ግን ብዙ ሰው ያበላሸዋል። መሣሪያው ሲበራ በዙሪያው ያለውን አየር «ዜሮ» አድርጎ የሚቆጥር ከሆነ፣ ኮምፕረሰሩ አጠገብ አታብሩት። በጭስ መሃል ዜሮ ያደረገ ሴንሰር፣ ጋዙን የሚለካው ክፍል፣ ቀኑን ሙሉ አሳንሶ ነው የሚያነበው። እኔ ከመኪናዎቹ ርቄ፣ ነፋስ ከፊቴ እየመጣ አበራዋለሁ። ከዚያ መጠኑ ከታወቀ ትንሽ የጋዝ ሲሊንደር ነፋ አድርጌበት መጮሁን አረጋግጣለሁ። ባትሪው ደህና ነው ማለት ሴንሰሩ ደህና ነው ማለት አይደለም። ሴንሰር ያረጃል፤ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ነው ዕድሜው።

ስገጥመው መብራቱ በዓይኔ ጠርዝ በኩል እንዲታየኝ አደርጋለሁ። የሴንሰሩ ቀዳዳ ከውስጠኛው ስፖንጅ ጋር እንዳይጣበቅ በጣቴ ዳስሼ አያለሁ። እጄን በሳኒታይዘር ጠርጌ ከሆነ ደግሞ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ፤ የአልኮሉ ትነት ሴንሰሩን ያሳስተዋል።

ለቤት የሚሸጠውን ማንቂያ በቴፕ የሚለጥፉ አይቻለሁ። ወንድሞቼ፣ ይሄ አይሆንም። አሜሪካ ውስጥ በሚሠራበት መለኪያ የቤት ማንቂያ 70 ፒፒኤም ላይ እንኳ እስኪጮህ ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ሊቆይ ይችላል። የእኛ ወሰን 10 ነው። ደግሞም ሄልሜቱ ፈቃድ ያገኘው ከነሙሉ ዕቃው ነው፤ አምራቹ ያላሰበውን ነገር ከጨመርክበት ፈቃዱ ይፈርሳል። ለዚያው ሄልሜት የተሠራውን መግዛት የአሠሪው ግዴታ መሆን አለበት። ለአንድ ቡድን አንድ ሳይሆን፣ ሄልሜት ላጠለቀ ሰው ሁሉ አንዳንድ።

ሲጮህ ደግሞ እዚያው ሄልሜት እንዳታወልቁ። አቧራው ውስጥ ሊድ አለ። የኖዝሉን፣ ብናኙ የሚወጣበትን አፍ፣ እጀታ ልቀቁት፣ ብላስቱ ይቆማል። ከብናኙ ውጡ፣ ከወጣችሁ በኋላ አውልቁ። ከዚያ ማሽኑ ጋ ሄዳችሁ አየር የሚስብበት አፍ አጠገብ ምን እንደቆመ እዩ። ያን ቀን የእኛ ኮምፕረሰር ጋ የቆመው የራሳችን የውሃ መኪና ነበር፤ ሞተሩ አልጠፋም።