ይድረስ ለክቡር አቧራ፣ ባሉበት

ለክቡር አቧራ
ፉሪ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ

ጉዳዩ፦ በሳሎኔ የሚሰጠውን የባቡር አገልግሎት ስለማስተጓጎልዎ

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤንነትዎን አልጠይቅም። ዛሬ ጠዋት በቴሌቪዥኑ፣ በረከቦቱና በልጅ ልጄ ደብተር ላይ ተደላድለው ስላየሁዎት ደህና እንደሆኑ አውቃለሁ። የሰፈሩ ነባር ነዋሪ እርስዎ ነዎት። ቤት ሠርተን ስንገባ ውሃም መብራትም አልገባም ነበር፤ እርስዎ ግን ገብተው ጠበቁን። ለኮብልስቶን ተብሎ ከየቤቱ ገንዘብ ሲዋጣ እንኳ ሳይደነግጡ፣ ኮሚቴው እስኪበተን በትዕግሥት ቆይተው ሥራዎን ቀጠሉ።

በዚህ ሁሉ አቤት ብዬ አላውቅም። ጋቢዬ ላይ ሲያርፉ አራግፌ፣ የበርበሬው ስጥ ላይ ሲያርፉ ባለቤቴ አጉረምርማ ችለንዎታል። አሁን ግን የመጡብኝ በባቡሬ ነው።

ባቡር ስል ከለቡ ጣቢያ የሚነሣውን ማለቴ አይደለም። መስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ ባቡር ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከላዩ ከተዘረጋው ሽቦ ስለሆነ ለእርስዎ አይመችም። የእኔዋ ከመዳፌ እምብዛም የማትበልጥ፣ ማርክሊን የተባለ ፋብሪካ የሠራት ጥቁር የአሻንጉሊት ባቡር ናት፤ በጀርመን አገር የተሠራች፣ አጎቴ በ1964 ዓ.ም. ከትምህርት ሲመለስ በካልሲ ጠቅልሎ ያመጣት። ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ታንሳለች። (የለቡው ሐዲድ ስፋት 1435 ሚሊሜትር ነው። ለ87 ሲካፈል 16.5 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል፤ የእኔ ሐዲድ ስፋት ልክ ይኸው ነው። የድሮው የለገሃር ሐዲድ 1000 ሚሊሜትር ስለነበር ለእርሱ 11.5 ይበቃው ነበር። ስለዚህ በፉሪ ሁለት ባለ መደበኛ ስፋት የባቡር መስመሮች አሉ፤ አንዱ ሳሎኔ ውስጥ ነው።)

ችግሩ የእኔዋ ኤሌክትሪክ የምትለቅመው ከመሬት መሆኑ ነው። ከሆዷ ሥር ቀጭን የብረት ምላስ አለቻት። በሐዲዱ መካከል ከተደረደሩት የብረት ነጥቦች 16 ቮልቱን እየላሰች ትሄዳለች፤ በብረት ጎማዎቿ በኩል ትመልሳለች። እርስዎ በምላሷና በነጥቡ መካከል ሲቀመጡ ኤሌክትሪኩ ይቆራረጣል፤ ሲቆራረጥ ብልጭ ይላል፤ ብልጭታው ጥላሸት ይተዋል፤ ጥላሸቱ ደግሞ ከዘይት ጋር ተለውሶ እንደ ምጣድ ጥቀርሻ ይጋገራል። እንዲህ ያለ ጥልቅ ሙያ እያለዎት በመስኮት መስታወት ላይ ጊዜዎን ማባከንዎ ይገርመኛል።

ባለፈው እሑድ ባቡሯን ጋዜጣ ላይ አጋድሜ ፈታኋት። ከ30 ዓመት በላይ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጣ ስለከረመች ሞተሯ ሲበራ እህ ብሎ ዝም ይላል። ጎማዎቹን ከሚያገናኘው ዘንግ ላይ በወስፌ ጫፍ የነጠላ ክር፣ የድመት ፀጉርና ምንነቱን ያልደረስኩበት ነገር መዘዝኩ። ሞተሩን ስከፍት ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉት ሁለቱ ብሩሾች ብቅ አሉ፤ አንዱ ካርቦን፣ ሌላው እንደ ወንፊት የተሸመነ መዳብ። የሚታከኩበት ክብ መዳብ በሦስት ክፍል የተከፈለ ነው፤ በክፍሎቹ መካከል ያሉት ስንጥቆች ጥቁር ብናኝ ተሞልተው ሦስቱን አንድ አድርገዋቸዋል። በእንጨት የጥርስ መፋቂያ ጫፍ እያሾልኩ አወጣሁት። ክብሪት እንጨት ላይ ጥጥ ጠቅልዬ፣ አልኮል ነክሬ መዳቡን ስወለውለው ጥጡ እንደ ከሰል ጠቆረ፤ መዳቡ ግን እንደ አዲስ ሳንቲም ቀላ።

በመጨረሻ እርስ በርስ ተናክሰው የሚዞሩት ትንንሾቹ ጥርሳም ክቦች ዘንድ ደረስኩ። እዚያ ያገኘሁት አቧራ ብቻ አይደለም፤ አቧራ ያረገዘ ሙጫ ነው። ፍቄ ሳሸተው የስፌት መኪና ዘይት ሸተተኝ። ይህን ለማንም አልነገርኩም ነበር፤ ለእርስዎ ግን በተከሳሽነትዎ መደበቅ አልችልም። አጎቴ «በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ ብቻ» ብሎኝ ነበር። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ በአንድ ጠብታ ከሄደች በአሥር ትበርራለች ብዬ የእናቴን ዘይት አንቆረቆርኩባት። ዘይቱ በየዓመቱ ደረቀ፤ እርስዎም በየዓመቱ መጡ። ድንኳኑን የተከልኩት እኔ ስሆን እርስዎ ለቀስተኛ ሆነው ገብተዋል።

ለማንኛውም ባቡሯ ተነሣች። መጀመሪያ እንደ ንብ ጮኸች፤ ሁለት ጊዜ ተንገጫገጨች፤ ከዚያ በሻይ ጠረጴዛው ሥር ገብታ በሶፋው በኩል ወጣች። ባለቤቴ «ይህ ሁሉ ሽታ ለዚህ ነው?» አለች። ነው። ሦስተኛውን ዙር ስትጀምር አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና በበራችን አለፈ። መጋረጃው ተነሣ። እርስዎ ገቡ። ባቡሯ በኩርባው ላይ ቆመች። ወደ ኋላ እንድትመለስ ለቅጽበት 24 ቮልት ላኩባት፤ ማዞሪያዋ ቀጭ አለ፤ እሷ ግን ንቅንቅ የለም።

ስለዚህ የማመለክተው ጥቂት ነው። እሑድ ከሰዓት ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ሌላ ቤት እንዲጠይቁልኝ ነው። ፊት ለፊታችን የተጀመረ ፎቅ አለ፤ መስኮት የለውም፤ እንደ ልብዎ ይንሸራሸሩበታል። እኔም በበኩሌ ዘይቱን በመርፌ ጫፍ እሰፍራለሁ፣ በበሬ ፊት ውሃ እረጫለሁ፣ ባቡሯንም ከጨዋታ በኋላ በጨርቅ ጠቅልዬ በክዳን ሣጥን አስቀምጣለሁ። በካልሲም ቢሆን።

ከሰላምታ ጋር
የሳሎን ምድር ባቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ጥገና ሠራተኛና ብቸኛ ተሳፋሪ

ግልባጭ፦
ለገልባጭ መኪናዎች፣ ባሉበት
ለወይዘሮ መጥረጊያ፣ ለተባባሪነታቸው (አቧራውን ከመሬት አንሥተው ጠረጴዛ ላይ ስለሚያስቀምጡት)
ለአቶ ጭቃ፣ ሰኔ ላይ ሥራውን ሲረከቡ እንዲያውቁት