ጌታ በልቤ ሁለት ሺህ አስቀመጠ

ሰባኪዎቻችን አንድ የማያልቅ ወቀሳ አላቸው። «ወንጌሉን እሑድ ሰምታችሁ እዚሁ ጥላችሁት ትሄዳላችሁ፤ ወደ ቤታችሁ፣ ወደ ሥራችሁ፣ ወደ ገበያችሁ ይዛችሁት ግቡ እንጂ» ይላሉ። ይሄን በሰማሁ ቁጥር ለሰፈሬ ሰው አዝናለሁ። ልፋቱን ያየለት የለም። እኛ እኮ ወንጌልን ያላስገባንበት ቀዳዳ የለም!

ጠዋት የምሳፈርባት ሚኒባስ የኋላ መስታወቷ ላይ «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ» የሚል ጥቅስ ለጥፋለች። ፊልጵስዩስ 4፥13። ጳውሎስ ይህን የጻፈው እስር ላይ ሆኖ ነው። መጥገብንም መራብንም ለምጃለሁ፣ ሁለቱንም እችለዋለሁ ለማለት። የእኛ ወያላ ጳውሎስ ካቆመበት ነው የቀጠለው። ለ12 ሰው በተሠራች መኪና አሥራ ሰባተኛውን ሰው በትከሻው እየገፋ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ትችላለች!» ይላል። እውነትም ቻለች። መልሴን ስጠብቅ ዓይኔ ከወያላው ራስ በላይ በተለጠፈች ሌላ ጥቅስ ላይ አረፈ፤ «ፍቅር የራሱን አይፈልግም»። አምስት ብሬን ትቼ ወረድኩ። መድረክ ላይ ሰዓት ተኩል ቢሰበክልኝ ይህን ያህል አይገባኝም ነበር።

ሽንኩርት የምገዛበት ሱቅ ደግሞ ከሚዛኑ በላይ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። የወሩ ቃል «የተጨቆነና የተነቀነቀ የተትረፈረፈም መልካም መስፈሪያ በእቅፋችሁ ይሰጣችኋል» ይላል። ባለሱቁ ከዚህ ሁሉ የያዘው አንዱን ቃል ነው። «የተነቀነቀ»ን። ሽንኩርቱን ከከፍታ ጣል ያደርገዋል፣ መርፌዋ ትዘላለች፣ ሳትረጋ ያነሳዋል። ሁለት ኪሎዬን ቤት ወስጄ ብመዝነው ኪሎ ከሰባት መቶ። «መትረፍረፉ»ም አልጠፋም። እሱ ጋ ቀርቷል።

የሁሉም የበላይ ግን አከራዬ ናቸው። እሳቸው ጋ ቆም ልበል።

ቅዳሜ ማታ በሩ ተንኳኳ። ከጸሎት ፕሮግራም መመለሳቸው ነው። መጽሐፍ ቅዱሳቸው ብብታቸው ሥር አለ፣ ሻሻቸውን አጥብቀው አስረዋል።

«ሰላም ነህ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን እትዬ። ይግቡ።»

«አልገባም። ስለ አንተ እየጸለይኩ ነው የመጣሁት።»

ሰው ስለ እኔ ሲጸልይ ደስ ይለኛል። አንገቴን ደፋ አደረግኩ።

«ስለዚህች ቤት ጌታ በልቤ አንድ ነገር አስቀምጧል።»

«ምን አስቀመጠ እትዬ?»

«ሁለት ሺህ።»

«ብር?»

«ጭማሪ። ከመጪው ወር ጀምሮ።»

እንዲህ ያለው መገለጥ ሁልጊዜ በድፍን ቁጥር መምጣቱ ይገርመኛል። አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሠላሳ አምስት ብር የተገለጠለት አከራይ እስካሁን አላጋጠመኝም። ደግሞ ቅነሳ የተገለጠለትም የለም። ብቻ ድፍረት አገኘሁና ስለ አዋጁ አነሳሁ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016። ጭማሪ በዓመት አንዴ ብቻ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ ነው የሚል። እትዬ አልተቆጡም። በሐዘኔታ ነው ያዩኝ፣ ገና ወተት ላይ እንዳለ አማኝ።

«ልጄ፣ አዋጅ የሰው ነው። ‹ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባል› ይላል ቃሉ። ሐዋርያት ሥራ አምስት፣ ሃያ ዘጠኝ።»

ጴጥሮስ ይህን የተናገረው በሸንጎ ፊት ቆሞ ነው። ከእስር ቤት ወጥቶ፣ ተገርፎም ሊለቀቅ። ቃሉ ሁለት ሺህ ዓመት ተጉዞ ለሁለት ሺህ ብር ይደርሳል ብሎ ያሰበ አይመስለኝም። አድማሱን ያሰፋንለት እኛ ነን።

ሊሄዱ ሲሉ ሁለት ወር ሙሉ ስለሚያንጠባጥበው ቧንቧ አስታወስኳቸው።

«እሱን በጸሎት ያዝልኝ» አሉኝና ሄዱ።

እስካሁን ይዤዋለሁ። ከሥሩ ባልዲም አለ።

«በጸሎት» ካልን አይቀር፣ ይህችን ቃል የፈጠረ ሰው ሐውልት ይገባዋል። እኛ ፊት ለፊት «እምቢ» ማለት የሚከብደን ሕዝብ ነን። ድሮ «እስቲ ላስብበት» እንል ነበር፤ ጠያቂው ከሳምንት በኋላ «አሰብክበት ወይ?» ብሎ ይመጣል። አሁን «በጸሎት ላስብበት» ነው። ማን ደፍሮ «ጸሎቱ አለቀ ወይ?» ይላል? ወንጌሉ «ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን» የሚል ጥብቅ ነገር አለው። ያን ዘመን «በጸሎት ላስብበት» አልተፈጠረማ።

ምጽዋቱም ሠልጥኗል። «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» የተባለውን ቃል በቃል የሚፈጽም ሰው ቲክቶክ ላይ አያለሁ። በቀኙ ለጎዳና እናት ዳቦ ይሰጣል፣ በግራው ስልኩን ደግኗል። ግራው ቀረጻ ላይ ስለሆነ ቀኙ ምን እየሠራ እንደሆነ አያውቅም። የሚያውቀው ተከታዩ ብቻ ነው።

«እንደ እባብ ልባሞች እንደ ርግብም የዋሆች ሁኑ» የሚለውንም በወንድማማችነት ተካፍለነዋል። እባቡን እኛ ወሰድን፣ ርግቡን ለባልንጀራችን ተውንለት።

ቋንቋችንም ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። «እግዜር ይስጥልኝ» የምትለዋን ቃል ረጋ ብላችሁ ስሟት። እኔ የምሰጠውን እግዜር በእኔ ፈንታ ይስጥ ማለት እኮ ነው። ዕዳ ማዛወር ነው፣ ያውም ያለ ባንክ ኮሚሽን። ባለፈው ወር በሬን ያስተካከለ አናጢ 800 ብር ሲለኝ 600 ሰጠሁትና ለቀሪው «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት። ምንም አላለም። መጋዙን በማዳበሪያ ጠቅልሎ፣ በሩን ሁለቴ ከፈት ዘጋ አድርጎ አየው፣ እኔንም አየኝ፣ ሄደ። በሩ አሁን አይንቋቋም።

እንግዲህ ጀምሬዋለሁና የራሴንም ልጨምር። ለአንድ ጓደኛዬ 3000 ብር አለብኝ። ገና ገና ስል ዓመት ሞላው። «ሰኞ» እያልኩት ብዙ ሰኞዎች አልፈዋል። ስብከት ላይ ነበርኩ፣ «በደላችንን ይቅር በለን» የሚለው በማቴዎስ ላይ በግሪኩ ቃል በቃል «ዕዳችንን» ነው ሲባል ሰማሁ። ልቤ በራ። እንዲህ ያለ ትምህርት ለራሴ ብቻ መያዝ ኃጢአት መሰለኝ። ቅዳሴውም ጸሎቱም ሳያልቅ ወጥቼ ጥቅሱን ከነማብራሪያው በቴሌግራም ላክሁለት፣ ከታችም ሁለት የተገጣጠሙ እጆች።

ጓደኛዬ አነበበው። «እየጻፈ ነው» አለኝ ስልኬ። ቆመ። ደግሞ ጻፈ። የመጣው አንድ መስመር ነው፦ ሉቃስ 19፥8።

ከፈትኩት። ዘኬዎስ ነው፣ ያ አጭሩ የቀራጮች አለቃ። ሾላ ዛፍ ላይ ወጥቶ የወረደው። «ማንንም በሐሰት ከስሼ እንደ ሆንሁ አራት እጥፍ እመልሳለሁ» ይላል። ይህን ጥቅስ በአንድም ታክሲ፣ በአንድም ሱቅ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አይቼው አላውቅም። እኛም ሾላ የሚባል ገበያ አለን፤ እዚያ አራት እጥፍ ሲባል የምንሰማው ዋጋ ሲጨምር ነው።

ከሥሩ ጓደኛዬ ሒሳቡንም ሠርቶልኛል። 12000። የባንክ ቁጥሩንም አያይዟል።

«በጸሎት ላስብበት» ብዬ መለስኩለት።