«ገባችሁ?» «አዎ ቲቸር!»

አገር ቤት መምህርነት ብዙ ጊዜ የሚገኘው በምደባ ነው። ውጤቱ ሕክምና ወይም ምሕንድስና ያላስገባው ልጅ መምህራን ኮሌጅ ይላካል፤ «ምን ደረሰህ?» ሲሉትም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይመልሳል። አሜሪካ ውስጥ ግን ያው ሰው ዓመታት ታክሲ ነድቶ፣ የሰው መኪና አቁሞ ወደ ክፍል ሲመለስ ማንም አልመደበውም። ወዶ ነው። ይህን ፍላጎት በጣም እናከብረዋለን።

መንገዱ ግን ወረቀት ይበዛዋል። ትራንስክሪፕቱ አብዛኛውን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ፣ የውጭ አገር ትምህርትን ከአሜሪካው ጋር ወደሚያነጻጽረው ገምጋሚ ድርጅት መላክ አለበት። ግምገማውም ኮርስ በኮርስ የተዘረዘረው ዓይነት ይሁን፤ ዲግሪ መኖሩን ብቻ የሚገልጸው አጭሩ ለማስተማር ፈቃድ በአመዛኙ አይበቃም፣ ሁለተኛ ክፍያም ያስወጣል። የ3 ዓመት የመምህራን ኮሌጅ ዲፕሎማ እንደ ዲግሪ አይያዝም። የጣት አሻራና የፈተናው ነገር እንደየግዛቱ ነው። እስከዚያው ረዳት ወይም ተተኪ መምህር ሆኖ መግባት ይበጃል፤ የክፍሉ ጠባይ የሚታወቀው እዚያ ነው።

ጠባዩ ደግሞ ይለያል። አገር ቤት አስተማሪ ሲገባ ተማሪው ብድግ ይላል። እዚህ ደወሉ ከተደወለ በኋላም ገሚሱ ቦርሳውን ይጎረጉራል፣ ገሚሱ ወሬውን አልጨረሰም። ለአዲስ ገቢው ንቀት ይመስለዋል፤ አይደለም። እዚህ ጸጥታን የሚያመጣው መምህሩ ራሱ ነው፦ 5 ደቂቃ የሚወስድ ጥያቄ ቀድሞ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ በር ላይ ቆሞ እያንዳንዱን በስሙ ሰላም ይላል፣ ልጆቹም ገብተው ሥራ ይጀምራሉ። በተቃራኒው፣ ከእኛ አገር የመጣ ልጅ ሲቆጡት ዓይኑን ወደ መሬት ይጥላል። ለእሱ አክብሮት ነው፤ ባህሉን የማያውቅ መምህር ግን «እየሸሸኝ ነው» ብሎ ይተረጉመዋል። ይህን ለባልደረቦቹ የሚያስረዳ ሐበሻ መምህር ለዚያ ልጅ ባለውለታ ነው።

ክፍል ውስጥ ሳቅ የሚጀምረው ከስም ነው። እዚህ መምህር የሚጠራው በቤተሰብ ስም ስለሆነ፣ የቤተሰብ ስም የሌለው የእኛ ሰው ቀኑን ሙሉ በአባቱ ወይም በአያቱ ስም ሲጠራ ይውላል። መምህርቷም «ሚስ ገብረማርያም» ትባላለች። በመጀመሪያው ሳምንት 10 ደቂቃ ወስዶ ስማችን ከአባት ወደ ልጅ እንዴት እንደሚወርድ ሰሌዳ ላይ ማሳየት፣ ከዚያ ልጆቹ የራሳቸውን ስም በእኛ መንገድ እንዲጽፉ ማድረግ ነው። ክፍሉ በሳቅ ይሞላል፣ መምህሩም በዚያው የሁሉንም ስም ይይዛል።

አገር ቤትም ክፍል ውስጥ ሳቅ ሞልቷል፤ ችግሩ የሚሳቀው በማን ላይ እንደሆነ ነው። አንዱ የእንግሊዝኛ ቃል ሲሳሳት ክፍሉ ያውካካል፣ መምህሩም አብሮ ፈገግ ካለ ያ ልጅ ዓመቱን ሙሉ እጁን አያወጣም። እሱ ብቻም አይደለም፤ ያዩት ሁሉ እጃቸውን ይሰበስባሉ። ሳቁን ወደ መምህሩ ማዞር ይቻላል፦ በክፍለ ጊዜው አንድ ስህተት አውቆ ሰሌዳ ላይ መጻፍ፣ ለምሳሌ 7 × 8 = 54፣ እና የሚያርመውን መጠበቅ። ግን «ዛሬ አንድ ስህተት አለ» ተብሎ ቀድሞ መነገር አለበት። ካልተነገረ ልጆቹ ደብተራቸው ላይ በታማኝነት ይገለብጡታል፣ ፈተና ላይም ያው ይመለሳል።

የአገር ቤቱ መመሪያ ለአንደኛ ደረጃ በክፍል 50፣ ለሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ይላል፤ በተግባር ከዚያ የሚያልፈው ብዙ ነው። በዚያ ብዛት መሀል «ገባችሁ?» ሲባል «አዎ ቲቸር!» የሚለው የጋራ ድምፅ ምንም አይነግርም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንዳሳየችው፣ መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው፤ ወደ 3 ሰከንድ ሲያደርሱት መልሱ ይረዝማል፣ ዝም ይሉ የነበሩትም ይናገራሉ። ስለዚህ «ማን በራሱ ቃል ያስረዳናል?» ብሎ፣ ጠመኔውን አስቀምጦ፣ በልብ እስከ 3 መቁጠር። ጠመኔው ከእጅ ካልወረደ መምህሩ ዞሮ መጻፍ ይጀምራል፤ ከኋላ ወንበር ቀስ ብሎ ይነሳ የነበረው እጅም ሳይታይ ይወርዳል።