«እኔን!» ካልን በኋላ

ጎጃም ውስጥ ሰው ሲያዳልጠው ያየ ሁሉ «እኔን! እኔን ድፍት ያርገኝ!» ይላል። ካፌም ይሁን ወፍጮ ቤት፣ ሦስት አራት ሰው ሮጦ ያነሣዋል፣ ልብሱን ያራግፍለታል። አሜሪካ ውስጥ የወደቀ ሠራተኛ ይህን ያህል እኔን ባይ የለውም። ወለሉ ግን ወዲያው ይታጠራል፣ ቢጫው ምልክት ይቆማል፣ አለቃው ፈሳሹ ከየት እንደመጣ ጠይቆ ይጽፋል። እኛ ዘንድ የወደቀው ተነሥቶ ይሄዳል፤ ያዳለጠው ነገር እዚያው ቀጣዩን ሰው ይጠብቃል።

በክረምት የባሕር ዳርን ወይም የደብረ ማርቆስን መሥሪያ ቤት በር ተመልከቱ። ለጭቃ ተብሎ የማዳበሪያ ጆንያ ይነጠፋል። ጆንያው የፕላስቲክ ክር ስለሆነ ሥሩ ውኃ ሲገባ ሴራሚኩን መያዝ አይችልም። ተረከዝ ሲያርፍበት ወደ ፊት ይሸሻል፤ ሰውየው ወደ ኋላ ሄዶ በወገቡ ወይም በጭንቅላቱ ይመታል። ከበሩ ውጭ ጠርዙ ወደ ላይ የቆመ ብረት በሲሚንቶ ቢተከል መረሬው እዚያው ከጫማ ይፋቃል። ከውስጥ ደግሞ ታቹ ጎማ የሆነ፣ አራት አምስት እርምጃ የሚያስሄድ ምንጣፍ ያስፈልጋል፤ ውኃ ሲጠግብ የሚተካ ሁለተኛም ይኑር።

ቄጠማን በተመለከተ፣ ይቅር የሚል ሐሳብ የለኝም። በእበት የተለቀለቀ የአፈር ወለል እርጥበቱን ይመጥጣል፤ ቄጠማውም አይንሸራተትም። ሴራሚክ ግን አይመጥጥም። የቄጠማው ግንድ በጫማ ሲጨፈለቅ የሚወጣው ውኃ በጫማና በሴራሚክ መካከል ይቀራል። ወለሉ ሲቀየር አጎዛጎዙ አልተቀየረም። ረከቦቱ ዙሪያ ይጎዝጎዝ፤ አስተናጋጅ ትሪ ይዛ የምታልፍበት መስመር ግን ባዶ ይሁን።

አወላወላችንም ችግር አለበት። ኦሞ በዝቶበት ሳይለቀለቅ የደረቀ ወለል ስስ የሳሙና ሽፋን ይይዛል፤ ጠብታ ውኃ ሲያገኘው መልሶ ያዳልጣል። በንጹሕ ውኃ ይለቅለቅ፣ በደረቅ ጨርቅ ይታሽ፤ ግማሹ ሲወለወል ግማሹ ለመተላለፊያ ይቅር። ዘይት ከፈሰሰ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት ማስፋት ብቻ ነው። መጀመሪያ ሰጋቱራ ወይም ደረቅ አሸዋ ተነስንሶበት ይታፈስ፣ ቀጥሎ በሙቅ ውኃና በሳሙና ይፈተግ። ወፍጮ ቤት ውስጥም እንዲሁ ነው፤ ዱቄት ውኃ ከነካው ሊጥ ይሆናልና አስቀድሞ በደረቁ ይጠረግ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ደረጃ ነው። ኮንክሪቱ ሲሞላ ከፍታዎቹ እኩል ይሆናሉ። ኋላ ላይ ወለሉ ሲስተካከልና ሴራሚክ ሲነጠፍ የመጀመሪያው ደረጃ ያጥራል፣ የመጨረሻው ይረዝማል። እግር ሁለት ደረጃ ከወጣ በኋላ ከፍታውን ይለምደዋል፤ ሳያይ ነው የሚነሣው። አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከተለወጠበት ጣት ይደናቀፋል፤ ሲወርድ ከሆነ ደግሞ እግር ባዶ ይረግጣል። ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የሚከተሉት የሕንፃ ኮድ ለሕዝብ መገልገያ ሕንፃ የአንዱ ደረጃ ከፍታ ከ17.8 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ፣ መርገጫው ከ28 ገደማ እንዳያንስ፣ ደረጃዎቹ እርስ በርስ ያላቸው ልዩነትም 1 ሴንቲ ሜትር እንዳይሞላ ያዛል። መሐንዲሱና ሴራሚክ ሠሪው ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ስለ ንጣፉ ውፍረት ቢነጋገሩ ይህ ሁሉ ያለ ተጨማሪ ወጪ ይስተካከላል። ለደረጃ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ አይገዛ። መደብሩ ውስጥ አንዱን አስወርዶ፣ የሳሙና ውኃ አፍስሶ፣ በጫማ ገፋ ማድረግ ብዙ ይናገራል። ቀድሞ የተሠራ ከሆነ በየመርገጫው አፍ ላይ ሸካራ ፕላስተር ይለጠፍ፤ እጅ መያዣም አይቅር።

ግንባታ ቦታ ላይ ጣጣው ይከፋል። ኦሻ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በግንባታ ሥራ ከ1.8 ሜትር ጀምሮ የመውደቅ መከላከያ ያስገድዳል፤ መከታ አጥር ከሆነ ቁመቱ 107 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እኛ ጋ በባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ በሚስማር ያልተያዘ ጣውላ ተጋድሞ ልጅ ሲሚንቶ ተሸክሞ ይሄድበታል። ጣውላው ይመታ፣ ከወገብ በላይ አግዳሚ ይታሰር። መሰላልም 4 ሜትር ላይ ከተደገፈ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ፣ ጫፉ ከሚወጣበት ወለል 90 ሴንቲ ሜትር ይለፍ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው በሥራ ላይ የደረሰን አደጋ እንዲመዘግብና እንዲያሳውቅ ያዛል። ለመመዝገቡ አንድ ደብተር ይበቃል፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ወለሉ ደረቅ ወይስ እርጥብ፣ ምን ጫማ፣ በእጅ ምን ተይዞ ነበር። የተሰበረው ብቻ ሳይሆን አዳልጦት የተረፈውም ይጻፍ። ያው የደረጃ አፍ ሦስቴ ከተጻፈ ሜትር ይዞ ወደዚያ መሄድ ነው።