«አልበቃሁም» ለምትሉ የጎንደር ልጆች

የጎንደር ሰዎች ሆይ፣ እሑድ ቅዳሴ ሊያልቅ ሲል በየደብራችን ለቁርባን የሚቀርበውን ልብ ብላችሁ እዩ። ሕፃናት ታቅፈው ይቀርባሉ፤ አረጋውያንና መነኮሳት በምርኩዝ ይቀርባሉ። በመካከል ያለው ጎልማሳና ወጣት ግን ነጠላውን አጣፍቶ ከቅጽሩ ዛፍ ሥር ቆሞ ያያል። ለምን ሲባል መልሱ አንድ ነው፦ «እኔ አልበቃሁም»። ትሕትና ይመስላል። ውስጡ ግን «አንድ ቀን እበቃለሁ፣ ያን ጊዜ የድካሜን ዋጋ እቀበላለሁ» የሚል ሒሳብ አለበት፤ የምንገሥጻችሁም በዚህ ሒሳብ ነው።

ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ትጠመቃለች፤ በዚያው ዕለት ትቆርባለች። ያ ሕፃን አንድ ቀን አልጾመም፣ አንድ ስግደት አልሰገደም፣ ለነዳያን ሳንቲም አልመጸወተም። ቤተ ክርስቲያን «ይደግና ሥራው ታይቶ ይሰጠው» አላለችም። ታዲያ በ40 ቀናችሁ በነጻ የተቀበላችሁትን በ40 ዓመታችሁ በዋጋ ልትገዙት የተነሣችሁት በማን ትምህርት ነው? ካህኑ «ቅድሳት ለቅዱሳን» (የተቀደሰው ለቅዱሳን ነው) ሲል የምትመልሱትንም አድምጡት። «እኛ ቅዱሳን ነን» አትሉም፤ «አሐዱ አብ ቅዱስ፣ አሐዱ ወልድ ቅዱስ፣ አሐዱ ውእቱ መንፈስ ቅዱስ» ነው የምትሉት። የሚያቀርበን የእርሱ ቅድስና መሆኑን በአፋችሁ መስክራችሁ፣ ወዲያው ወደ ኋላ ትሸሻላችሁ።

ጥር 11 ቀን ደግሞ ሌላ ናችሁ። ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ በፋሲል መዋኛ የሞላው ውኃ ተባርኮ ሲረጭ፣ ጠብታው እንዲደርሳችሁ ትጋፋላችሁ። ያን ቀን «አልበቃሁም» የሚል አይሰማም። ያ መርጨት የጌታ ጥምቀት መታሰቢያ ነው፤ ሥጋ ወደሙ ግን ራሱ ክርስቶስ ነው። ለመታሰቢያው ተጋፍታችሁ ከባለቤቱ ትርቃላችሁ?

«ሳይገባው የበላ ዕዳ አለበት» ብላችሁ ቅዱስ ጳውሎስን ትጠቅሳላችሁ። እስከ መጨረሻው አንብቡት። በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 11 ሰው ራሱን ይመርምር ካለ በኋላ «እንዲሁም ይብላ» ይላል እንጂ «ይቅር» አይልም። የቆሮንቶስ ሰዎች ጥፋትም እዚያው ተጽፏል፤ ያለው በልቶ ሲሰክር የሌለው ይራብ ነበር። የተወቀሱት ድሃውን ስለ ናቁ ነው።

ይህን ሰምቶ «እንግዲያስ ጾሙም ቀኖናውም ይቅር» የሚል እንዳይነሣ። የንስሐ አባት የሚሰጠው ቀኖና ለቁስል የሚታዘዝ መድኃኒት ነው፤ የይቅርታ ዋጋ አይደለም። መድኃኒት ደግሞ እንደ ሰውየው አቅም ይለካል። ታማሚ ከሆናችሁ፣ ወይም ሌሊት ሥራ የምታድሩ ከሆነ ለካህኑ ንገሩት፤ ያስተካክለዋል። ብዙ ሰው የማይችለውን ቀኖና ዝም ብሎ ይቀበልና በሦስተኛው ቀን ያቋርጣል፤ ከዚያ አፍሮ ዓመት ሙሉ ይጠፋል። ቀራጩን ዘኬዎስን ተመልከቱ። ጌታ «ዛሬ በቤትህ እውላለሁ» ያለው በፊት ነው፤ ያለውን እኩሌታ ለድሆች፣ የቀማውንም አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ።

ስለታችሁም እንዲሁ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ጧፍና ዣንጥላ ማስገባት መልካም ነው፤ የይቅርታ ዋጋ ሳይሆን ምስጋና ከሆነ።

ከሁሉ የሚያስጨንቀን ግን ቂማችን ነው። በአገራችን ደም የተቃቡ ቤተሰቦች አሉ፤ ሽማግሌ መስቀል አስይዞ ሲለምናቸው «ደሜን ሳልመልስ እርቅ የለም» የሚሉ፣ አንገታቸው ላይ ግን ማተብ ያሰሩ። በማቴዎስ ምዕራፍ 18 ያለውን ሒሳብ አስሉላቸው። ንጉሡ ለባሪያው ይቅር ያለው ዕዳ እልፍ (10,000) መክሊት ነበር። አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ነው፤ ዲናር የአንድ ቀን የሠራተኛ ደሞዝ ነው። በአጠቃላይ 60 ሚሊዮን የሥራ ቀን መሆኑ ነው፤ በዓመት 300 ቀን የሚሠራ ሰው 200,000 ዓመት ይፈጅበታል። ለዚያ ባሪያ ባልንጀራው ያለበት ዕዳ ግን 100 ዲናር ነበር፣ የአራት ወር ያህል ሥራ። ባሪያው ባልንጀራውን አንቆ የያዘው ለዚህ ነው። መቶ ዲናር ቀላል ነው አንልም፤ የወንድም ደም ከባድ ነው። ገዳዩም ለሕግ ይቅረብ፣ ካሳውም ይከፈል። በልጁና በወንድሙ ላይ የሚጠነሰሰው በቀል ግን ይቁም።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ጀምሩ። የንስሐ አባት የሌላችሁ ከደብራችሁ ካህን ጠይቁ። ስትናዘዙ «ያው እንደ ሰው በድያለሁ» ብላችሁ አትሸፍኑት፤ የሠራችሁትን በስሙ ጥሩት። የሰው ገንዘብ በእጃችሁ ካለ መልሱ፤ የተቀየማችሁትን ሰው ከእሑድ በፊት ሂዳችሁ አነጋግሩ። ባለትዳሮች ከመኝታ ስለምትታቀቡባቸው ቀኖች ካህኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጾሙ 18 ሰዓት ነው፤ እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት የምትቆርቡ ከሆነ፣ እህልና ውኃ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አቁሙ።