ከአከራይ ልጅ ጋር መጣላት

ፒያሳና ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ከፈረሱ ወዲህ አንድ ቁጭት ይደጋገማል፦ «ድሮ ሀብታምና ድሃ በአንድ ግቢ ይኖር ነበር፤ ልጆቹም አብረው ያድጉ ነበር።» ሐሰት አይደለም። በመሀል አዲስ አበባ የግንቡ ቤትና የጭቃው ቤት ጎን ለጎን ነበሩ። ይህን ትዝታ የሚያወሩልን ግን በአብዛኛው የአከራዮቹ ልጆች ስለሆኑ፣ እኔ ደግሞ ከተከራዮቹ ወገን ልናገር።

ያደግሁት አራት ኪሎ፣ ከአከራያችን ቤት ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ልጃቸው እኩያዬ ነበር። ብይ እንጫወታለን፣ በካልሲ የተሠራ የጨርቅ ኳስ እንለጋለን፤ ሲርበን ግን የምንገባው በየበራችን ነው። በዓል ሲደርስ እናቴ ማንም ሳይጠራት ሄዳ የእትዬን የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ትከትፋለች። ክፍያ የለው፣ ግዴታ አይባል፤ የኪራዩ ቀን ያለፈ እንደሆነ ፊት እንዳይነሷት ነው። እኔም እያወቅሁ በብይ ስንት ጊዜ ተሸንፌያለሁ! «ከልጁ ጋር እንዳትጣላ» የምትለኝን ከአባታችን ሆይ ባልተናነሰ በቃሌ ይዣት ነበር። እሱ እኮ ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ያሸነፈኝ በችሎታው ይመስለው ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ መሆኑ ሲታወጅ የአከራያችን ርስት ሄደ ተባለ፤ የጓሮው ኑሮ ግን እንደነበረ ቀጠለ። ለእኛ የደረሰልን ሐምሌ 19 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆነ፤ ከመኖሪያ ቤት በላይ ያለው ሁሉ «ትርፍ ቤት» ተብሎ ተወረሰ፤ አነስተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ፣ ኪራያቸውም ተቀነሰ። እናቴ ለቀበሌ ከፍላ ደረሰኟን በመቀነቷ ቋጥራ ተመለሰች። ለእንቁጣጣሽ ሽንኩርት ልትከትፍ አልሄደችም።

እኔና ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ የተደባደብነው ያኔ ነው፤ ያውም በብይ። አጭበረበረ፣ ዝም አላልኩም፤ የእሱ አፍንጫ ደማ፣ የእኔ ሸሚዝ ተቀደደ። በማግስቱ ደጃችን ቆሞ ጠራኝ። ጓደኝነታችን የሚጀምረው ከዚያ ቀን ነው። ልጣላው የማልደፍረውን ሰው ጓደኛዬ ማለት አይሆንልኝም።

አዋጁ ጻድቅ ነበር አልልም። ሁለት ክፍል አከራይታ ልጆቿን የምታሳድግ መበለት ከመኳንንቱ እኩል ተመታችበት። ኪራይ የሚቀበለው ቀበሌም ብዙ ሳይቆይ በቀይ ሽብር የሰፈሩን ወጣት ከየቤቱ አሳፍኗል። ቤቶቹ ደግሞ ለአሥርት ዓመታት በጥቂት ብር ኪራይ ያለ አዳሽ ቆዩ፤ ጣሪያ ሲያፈስ ቀበሌው አያድስ፣ ተከራዩ «የመንግሥት ነው» ይላል። ዛሬ አረጁ ተብለው የሚፈርሱት ብዙዎቹ እነዚሁ ናቸው።

እንግዲህ «አብረን እንኖር ነበር» ለሚሉት ወገኖች ጥያቄ አለኝ፤ አብሮ የሚኖረው ተከራይ በማን ፈቃድ ነበር የሚኖረው? ዛሬም በየግቢው ጓሮ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ቤተሰቦች አሉ፤ ልጆቻቸውም «ከልጁ ጋር እንዳትጣላ» እየተባሉ ያድጋሉ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። አከራዮች በአዋጁ እንደሚያጉረመርሙ እሰማለሁ፤ ለእነዚያ ልጆች ስል ግን ከፒያሳ ናፍቆት ይልቅ የዚህ አዋጅ መከበር ያሳስበኛል።